ያበጠ ክንድ ሲታሽ ከአንገት ነው የሚጀመረው

ከጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ ክንድ ሲያብጥ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚታሰበው ቅቤ ወይም ዘይት ቀብቶ ከጣት ወደ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሸት ነው። ወጌሻ ዘንድ ቢኬድም ብዙ ጊዜ ያው ነው። ለወለምታ የሚያገለግል እጅ ግን ለዚህ እብጠት አይሆንም፤ እንዲያውም ያብሰዋል። የሊምፍ ማሳጅ የሚባለው ሥራ ከተለመደው እሽት ጋር በጉልበትም በአቅጣጫም ይለያያል።

ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ ውኃና ትንሽ ፕሮቲን ወደ ውጭ ይሰርጋል። የሊምፍ ቧንቧዎች ይህን ፈሳሽ ለቅመው፣ በዕጢዎች እያጣሩ፣ ከአንገት ሥር ወዳሉት ትልልቅ ደም መልሶች ይመልሱታል። ይህ በቀን በግምት ከ2 እስከ 4 ሊትር ይሆናል። የብብት የሊምፍ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ወይም በጨረር ሲጎዱ የክንዱ መውጫ ይጠባል፤ ፈሳሹም ባለበት ይጠራቀማል።

የቧንቧዎቹ መነሻ ከቆዳ ሥር ነው። ግድግዳቸው ስስ ሲሆን በዙሪያቸው ካለው አካል ጋር በቀጫጭን ክሮች ተያይዘዋል። ቆዳው በእርጋታ ሲሳብ ክሮቹ የቧንቧውን አፍ ይከፍቱታል። ሲጨመቅ ግን ይዘጋል፤ በዚያ ላይ ወደ ቦታው ብዙ ደም ስለሚመጣ የሚሰርገው ፈሳሽ ይጨምራል። ስለዚህ ጣትዎ ጡንቻ ከተሰማው ወይም ቆዳው ከቀላ ጉልበቱ በዝቷል ማለት ነው። ዘይትና ቅባት የማይፈለገውም ለዚሁ ነው፤ እጅ ቆዳውን ይዞ መሳብ ሲገባው ላዩ ላይ ይንሸራተታል።

ከአንገት የሚጀመርበት ምክንያት ደግሞ መንገድ እንደተዘጋጋበት ሰዓት ነው፤ የፊተኛው መኪና ሳይንቀሳቀስ የኋላው ቢገፋ ትርፉ ግጭት ነው።

ሕመምተኛዋ ተጋድማ ወይም ተደግፋ፣ ልብሷን አላልታ፣ በመጀመሪያ በሆዷ አምስት ጊዜ ያህል በረዥሙ ትተንፍስ። ትልቁ የሊምፍ ቧንቧ ከሆድ ተነሥቶ በደረት በኩል ስለሚወጣ ትንፋሹ ራሱ ይገፋዋል፤ ይህን የሚዘሉት ብዙ ናቸው፣ ባይዘሉት ጥሩ ነው። ቀጥሎ ከትከሻ እስከ አንገት ሥር ካለው አግድም አጥንት በላይ ባሉት ጉድጓዶች ጣቶችን በጠፍጣፋው አሳርፎ ቆዳውን በቀስታ መሳብና መልቀቅ፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ። ጉሮሮን ግራና ቀኝ ይዞ መጫን ግን አይፈቀድም፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን በድንገት ሊያወርድ ይችላል። ከዚያ በጤነኛው በኩል ያለው ብብት፣ ከዚያም ካበጠው ክንድ ጋር በአንድ ወገን ያለው ብሽሽት በተመሳሳይ ሁኔታ ይነቃቃሉ። ፈሳሹ የሚሄድባቸው አዳዲስ መውጫዎች እነዚህ ናቸው።

አሁን ደረት ላይ ይመጣል፦ ካበጠው ወገን ተነሥቶ ደረትን አቋርጦ ወደ ጤነኛው ብብት፤ በጎን በኩል ደግሞ ከብብት ሥር ወደ ብሽሽት። ክንዱ የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከክርን እስከ ትከሻ ያለው ክፍል፣ ቀጥሎ ከእጅ አንጓ እስከ ክርን፣ መጨረሻ መዳፍና ጣቶች። አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደ ትከሻ ነው፤ ከውስጥ በኩል ያለውን ፈሳሽ ወደ ውጭኛው ጎን አምጥቶ በትከሻ አናት ላይ ማሳለፍ ይሻላል፣ የተጎዳው ብብት ስለማያስተናግደው። ጣቶቹ ካለቁ በኋላ መንገዱን ወደ ላይ አንድ ጊዜ መድገም ነው። ጠቅላላው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ ቢታይ ግን ከማንኛውም ጽሑፍ ይበልጣል።

ኤሚል ቮደር የተባለው ዴንማርካዊ ከባለቤቱ ከኤስትሪድ ጋር ይህን ዘዴ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ ሲጀምረው ማሻሸት ብቻ ነበር። ኋላ ጀርመን ውስጥ ፌልዲ የተባሉ ሐኪሞች የቆዳ እንክብካቤን፣ ፋሻንና እንቅስቃሴን አዋህደው ዛሬ የሚሠራበትን ሕክምና አደራጁት። በእኔ ግምት ከአራቱ ማሻሸቱ በጣም ይወደዳል፣ ሥራውን የሚሸከመው ግን ፋሻው ነው። ታሽቶ ሳይጠቀለል የተተወ ክንድ ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ያብጣል።

ፋሻው ብዙ የማይለጠጥ ዓይነት መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ፋሻ እጅ ሲያርፍ ቀለል ይላል፣ ጡንቻ ሲሠራ ይቋቋማል። በየፋርማሲው የሚሸጠው በጣም ተለጣጭ የስፖርት ፋሻ ሌሊቱን ሙሉ ይጨምቃል። ከጣቶች ተጀምሮ ወደ ላይ ሲሄድ እየላላ ይጠቀለላል። ላይኛው ጫፍ ከጠበቀ እንደ ገመድ ያንቃል። ጣት ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያው ይፈታ። እብጠቱ ሲቀንስ በልክ የተሠራ የሚጨብጥ እጅጌ ይተካዋል፤ እሱም ስለሚላላ በ6 ወር ገደማ መቀየር አለበት።

ለውጡን በዓይን ሳይሆን በልብስ ሰፊ ሜትር ይከታተሉ። አንጓ ላይ፣ ከክርን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታችና ወደ ላይ፣ ሁለቱንም ክንድ በአንድ ሰዓት። በአንዱ ነጥብ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ከታየ ሐኪም ማየት አለበት። ቆዳውን በየቀኑ ማጠብ፣ ማድረቅና ቫዝሊን መቀባት፣ ለዕቃ ማጠቢያ ጓንት ማድረግ፣ የምጣድ እንፋሎትና ግለት እንዳይነካው መጠንቀቅም አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ጭረት ለባክቴሪያ በር ነው።

እግር ላይ ሲሆን፣ በተለይ በጎጃምና በወላይታ ቀይ አፈር በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ በሽታ፣ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። መጀመሪያ ሳሙናና ውኃ፣ በጣቶች መካከል ማድረቅ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ድፍን ጫማ ነው። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱ የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናት ይህ ቀላል እንክብካቤ በየጊዜው የሚነሣውን ትኩሳትና ሕመም እንደቀነሰ አሳይቷል።

እስፓዎች «መርዝ ያወጣል»፣ «ያከሳል» ብለው የሚሸጡትን በተመለከተ፦ ጤነኛ ሰው ላይ የሊምፍ ቧንቧ በራሱ፣ በትንፋሽና በጡንቻ ይሠራል፤ ቆሻሻን የሚያስወግዱት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል። ዘና ያደርጋል፣ ለዚያ ከሆነ መልካም።

ክንዱ ወይም እግሩ በድንገት ቀልቶ ከጋለ፣ ብርድ ብርድ ካለና ትኩሳት ከመጣ ማሻሸቱ ይቁም፤ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያስፈልጋል። አንድ እግር በድንገት አብጦ ባት ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳያሸው። ሁለቱ እግሮች አብጠው ትንፋሽ ካጠረ ነገሩ የልብ ወይም የኩላሊት ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሹን ወደ ደም መመለስ ልብን ይጫናል። ለዓመታት ደህና የነበረ ክንድ ያለ ምክንያት ማበጥ ከጀመረም፣ ካንሰሩ አለመመለሱ ሳይረጋገጥ ማሻሸት አይጀመርም።