ትዝታና ዘጠነኛዋ ድምፅ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። እሑድ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል።

ኪቦርድ ላይ ስንጫወት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ስም ላይ 9፣ 11፣ 13፣ ማለትም ከመነሻው ድምፅ የሚቆጠሩ ተራዎች፣ ተጽፎ ሲታይ ያስፈራል እንጂ ከእያንዳንዱ 7 ሲቀነስ የሚቀረው 2፣ 4 እና 6 ነው። ከዶ ከተነሣን ሬ፣ ፋ፣ ላ፤ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ከፍ ብለው የተቀመጡ። (እዚህ «ሲ» የምለው ከላ ቀጥላ የምትመጣዋን ነው። ባንድ ውስጥ «ሲ ሜጀር» ሲባል ደግሞ ዶ ማለት ነው፤ ሰው ማጣላቱ አይቀርም።)

የሚገርመኝ ትዝታ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ጃዞች «ስድስት ዘጠኝ» የሚሉት ኮርድም እነዚሁ አምስቱ ናቸው። ቁም ነገሩ አቀማመጡ ነው። ዶ ሬ ሚን አጠጋግቶ መምታት ያጨቀየዋል። ግራ እጅ ዶና ሶል፣ ቀኝ እጅ ከፍ ብሎ ሚ፣ ላ፣ ሬ፦ አምስቱም አሉ፣ አንዱ ሌላውን አይጋፋም። «ኮርዱ ይመር» ተብሎ ፋ ከተጨመረ ግን ከታች ካለችው ሚ ጋር በ13 ግማሽ ድምፅ (ግማሽ ድምፅ ከአንድ ቁልፍ እስከ ጎረቤቱ ቁልፍ ነው፣ ጥቁሩም ይቆጠራል) ይጋጫል። ጃዞች ለዚህ ፋን ሻርፕ ያደርጓታል (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርጓታል)፤ ትዝታ ሜጀር ውስጥ ግን ሁለቱም ስለሌሉ ብትቀር ይሻላል። ባቲ ማይነር በሚባለው ቅኝት ላይ (ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት፤ ፍላት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) ይቺው ፋ ምንም አታስቸግርም፤ ሚ ፍላት በግማሽ ድምፅ ራቅ ስለምትል ሬ (9ኛዋ) የሌለችበት ማይነር 11 ይወጣል።

ትዝታ ማይነር ደግሞ የበለጠ ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ባሱ ወደ ላ ፍላት ሲወርድ ያው አምስት ድምፅ ላ ፍላት ሜጀር 7 ሻርፕ 11 ይሆናል። ግራ እጅ ላ ፍላትና ሚ ፍላት፣ ቀኝ እጅ ሶል፣ ዶ፣ ሬ። ባሱ እዚያው ከቆየ ግን ጆሮ ላ ፍላትን ቤቷ ያደርጋታል፤ ዘፋኙ ሐረጉን ሲዘጋ ወደ ዶ መመለስ ግድ ነው።

ጣት ሲያጥር መጀመሪያ የሚጣለው 5ኛው ነው። ባስ ጊታር ካለ መነሻው ድምፅም ይቀራል። 3ኛውና 7ኛው አይነኩም፣ ኮርዱን ሜጀር ወይ ማይነር የሚያሰኘው 3ኛው ነው፣ 7ኛውም የኮርዱን ዓይነት ይለያል። በ61 ቁልፍ ኪቦርድ ከግራ ከሁለተኛው ዶ በታች ሁለት ተቀራራቢ ድምፅ ማጣመር ደግሞ ድምፁን ያደፈርሰዋል፤ በሠርግ ድንኳን ስፒከር ይብሳል።

ከኮርድ ወደ ኮርድ ሲኬድ እጅን የማያንከራትተው መንገድ ይሄ ነው (መነሻዎቹን ሬ፣ ሶል፣ ዶ ባሱ ይመታል)፦ ሬ ማይነር 9 በፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ። ከዚያ ዶ ብቻ ወደ ሲ ስትወርድ ሶል 13 ሆነ። ከዚያ ሚ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ፤ ዶ ሜጀር 9።

ብቻውን በስታይል (ኪቦርዱ ራሱ ከበሮና ባስ በሚያጅብበት) የሚጫወት ሰው ግን ይጠንቀቅ። ኪቦርዱ በግራ እጅ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ሲያገኝ ፋ ሜጀር 7 ነው ብሎ ባሱን ፋ ላይ ይተክለዋል። ወይ ስታይሉን ማጥፋት፣ ወይ ሬን በትንሿ ጣት ከታች መያዝ።