አንዴ ተመታሁ፣ ሦስቴ ተሰማኝ

ማታ መብራት ሳላበራ ስነሳ ትንሿ የእግሬ ጣት ከአልጋው እግር ጋር ተላተመች። የደረሰበት ያውቀዋል፣ መጀመሪያ መመታትህ ብቻ ነው የሚታወቅህ፣ ወዲያው ስል የሆነች ውጋት ትመጣለች፣ ከዛ ደሞ "አለፈልኝ" ልትል ስትል ያቺ ጥርስ የምታስነክሰው የምታቃጥለው ህመም ትከተላለች። ጣቴን ጨብጬ ቁጭ ብዬ (ስድቡ ካለቀ በኋላ ማለቴ ነው) አንድ ምት ለምን ተራ በተራ እንደሚደርሰኝ ሳስብ እንቅልፌ በዛው ጠፋ።

ነገሩ የፍጥነት ጉዳይ ነው። መነካትን የሚያደርሱት የነርቭ ክሮች ወፈር ያሉና ማይሊን በሚባል ስብ የተጠቀለሉ ስለሆኑ መልእክታቸው በሰከንድ ከ30 ሜትር በላይ ይበራል፣ ስሏን ህመም የሚያመጡት ቀጠን ያሉ ናቸው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሄዳሉ፣ የምታቃጥለዋን የሚያመጡት ግን ማይሊን የሚባል ነገር የላቸውም፣ በሰከንድ ከ2 ሜትር አያልፉም፣ ይሄ እኮ የሰው እርምጃ ነው! ከእግር ጣት እስከ ህብለ ሰረሰር ያለውን መንገድ በዚህ ፍጥነት አስሉት።

ብዙ ሰው ነርቭን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የሚያስበው፣ ሽቦ ቢሆን ኖሮ ግን ይሄ ሁሉ መዘግየት ከየት ይመጣል? የነርቭ ሴሉ (ክሩ የሱ ክፍል ነው) ዝም ብሎ ሲቀመጥ ውስጡ ከውጪው በ70 ሚሊቮልት ገደማ ዝቅ ያለ ነው፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ሶዲየም ውጪ ተከማችቶ ይጠብቃል። የሆነ ነገር ሲቀሰቅሰውና ልዩነቱ ወደ 55 አካባቢ ሲወርድ የሶዲየም በሮች ይበረገዳሉ፣ ሶዲየም ይጎርፋል፣ ውስጡ ለአፍታ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ከዛ ፖታሲየም ወጥቶ ነገሩን ይመልሰዋል። ይሄ ሁሉ በ1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው የሚያልቀው፣ ግን እያንዳንዱ ቦታ ቀጥሎ ያለውን እየቀሰቀሰ ስለሚሄድ ጊዜ ይፈጃል፣ ማይሊን ያለው ደሞ ማይሊኑ መሃል መሃል ላይ ካለ ክፍተት ወደ ክፍተት ስለሚዘል ይፈጥናል። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልዝ በ1850 በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ሲለካው በሰከንድ 30 ሜትር አካባቢ ነበር፣ በዛን ጊዜ ፍጥነቱ ጭራሽ አይለካም ይባል ነበር።

እኔን ያስገረመኝ ሌላው ነገር ደሞ በክሩ ላይ የምትሄደው የኤሌክትሪክ ምት ሁሌም እኩል መሆኗ ነው። በዛው ክር ላይ ቀስ ብለህ ብትነካኝም አጥብቀህ ብትጫነኝም የምትሄደው ምት መጠኗ ያው ነው፣ ወይ ትነሳለች ወይ አትነሳም። ልዩነቱ በሰከንድ ስንቴ ትነሳለች፣ ስንት ክርስ አብሮ ተነሳ የሚለው ላይ ነው።

ከዛ ክሩ ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያልቃል፣ ቀጣዩን ሴል ግን አይነካውም፣ መሃላቸው በናኖሜትር የሚለካ ክፍተት አለ፣ ሲናፕስ የሚባለው እዚህ ነው። ምቱ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ይገባል፣ ጥቃቅን ከረጢቶች ግሉታሜት የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ይደፋሉ፣ እሱም ማዶ ያለው ሴል ሪሴፕተር (መቀበያ) ላይ ይለጠፋል። (ሴሎቹ የተነጣጠሉ ናቸው ያለው ሳይንቲስቱ ካሃልና አንድ የተያያዘ መረብ ነው ያለው ሌላው ሳይንቲስት ጎልጂ በ1906 ኖቤሉን ተካፍለው ወሰዱ፣ እዛው መድረክ ላይ እንኳን አልተስማሙም፣ ካሃል ደሞ ይሰራ የነበረው ሴሎቹን ቀልሞ በሚያሳየው በራሱ በጎልጂ ማቅለሚያ ነው!)

ሁሉም ሴል ደግሞ "ተነስ" አይልም፣ "ዝም በል" የሚሉም አሉ፣ ተቀባዩ ሁሉንም ደምሮ ነው የሚወስነው። የተመታ ቦታ ስናሸው የሚቀለን በዚህ ነው፣ የመነካት ክሮቹ ዝም የሚያሰኙትን ሴሎች ስለሚቀሰቅሱ የህመሙ መልእክት እዛው ይዳከማል፣ ተመራማሪዎቹ ሜልዛክና ዎል በ1965 ያቀረቡት ሃሳብ መሰረቱ ይሄ ነው፣ ዝርዝሩ በኋላ ብዙ ቢታረምም።

ጥርስ ሲነቀል የሚወጉን ማደንዘዣ ሊዶኬይን ግን ከሲናፕሱ ጋር ጉዳይ የለውም፣ ቀጥታ የሶዲየም በሮቹን ነው የሚዘጋው። የህመም ክሮቹ ቀድመው ስለሚደነዝዙ ነው ህመሙ ጠፍቶም ሲገፉንና ሲጎትቱን ቁልጭ ብሎ የሚታወቀን፣ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ሆናችሁ ግፊት ሲሰማችሁ መድሃኒቱ አልያዘኝም ብላችሁ አትደንግጡ።