ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የመጣ መልእክት

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከሰርቨሩ የመጣ ኢሜይል ነው። ዲስክ 3 ሊበላሽ ነው ይላል። ተበላሸ አላለም፣ ሊበላሽ ነው እንጂ። ድሮ ቢሆን «እየሠራ ነው እኮ» ብዬ ተመልሼ እተኛ ነበር።

ዲስኮቹ በሬይድ 5 የተያያዙ ናቸው፤ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራ፣ አንዱ ቢሞት ዳታውን ከቀሩት የሚያተርፍ ዘዴ ነው። ሬይድ 5 የሚችለው የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ ነው። ሁለተኛው ከተከተለ ዳታው አለቀለት። ስለዚህ መጀመሪያ ያየሁት ባክአፑን፣ የዳታውን መጠባበቂያ ቅጂ ነው። የማታው ተሳክቷል። እፎይ!

ጠዋት ሰርቨር ክፍል ገባሁ። መለዋወጫውን ዲስክ ይዤ ቆሜ እጄ ፈራ። በዚህ ሰርቨር ቁጥሩ የሚጀምረው ከ0 ነው፤ «ዲስክ 3» ማለት አራተኛው ነው። (ይህን ያሰበ ሰው ምን ነክቶት ነው?) ጤነኛውን ብነቅል ጉድ ፈላ። ከሶፍትዌሩ ላይ ዲስኩን ኦፍላይን (ከሥራ ውጪ) አድርጌ መብራቱን ብልጭ ድርግም አስባልኩት። ሁለት ጊዜ አይቼ ነቀልኩ። ሰርቨሩን ማጥፋት እንኳን አላስፈለገም።

አዲሱ ሲሰካ ሬይዱ ራሱን መልሶ መገንባት ጀመረ። አሁን 61 በመቶ ላይ ነው።

እስኪያልቅ ሎጉን (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ) ሳገላብጥ፣ ስለዚሁ ዲስክ ከሁለት ሳምንት በፊትም ማስጠንቀቂያ ተልኮ ነበር። ኢሜይሌን ፈለግኩት። አለ። ተከፍቶ ተነቧል። ያነበብኩት እኔው ነኝ።