ባለ አንድ ክር ጣውላ ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ሳይንስ፦ እስካሁን የደረስንበት

ጎጃም ውስጥ መሰንቆና ዋሽንት የማያውቅ ተማሪ የለም። የክር ርዝመትና ውጥረት ድምፅን እንዴት እንደሚለውጥ ለመለካት ግን መሰንቆ አይመችም፤ የፈረስ ጭራውን እየገዘገዙ የክሩን ርዝመት በማስመሪያ መያዝ ያስቸግራል፣ መሰንቆ ያነሳ ልጅም "አዝማሪ" እየተባለ ይቀለድበታል። ባለ አንድ ክር ጣውላ ሁለቱንም ይፈታል።

የሚያስፈልገው 80 ሴ.ሜ ጣውላ፣ አንድ ሚስማር፣ ሦስት የእንጨት ታኮና 0.5 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የናይለን ክር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ዓይነት ይሆናል። ክሩን ሚስማሩ ላይ አስሮ በሁለት ታኮዎች ላይ ማሳለፍና ጫፉን ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች መልቀቅ ነው። በታኮዎቹ መካከል ልክ 60 ሴ.ሜ ይሁን። ጫፉ ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ጀሪካን ትንጠለጠላለች። በመቃኛ ጆሮ መወጠርም ይቻላል፤ ነገር ግን ናይለን ቀስ በቀስ ስለሚለጠጥ ድምፁ በየደቂቃው ይወርዳል። ክብደት ከተንጠለጠለ ክሩ ቢለጠጥም ውጥረቱ ያው ነው። ድምፁ ካነሰ ከጣውላው ሥር ባዶ ካርቶን ማስገባት ይበቃል።

ከዚያ ከአንዱ ታኮ ጀምሮ እየተለካ ጣውላው ላይ 60፣ 53.3፣ 48፣ 40፣ 36 እና 30 ሴ.ሜ ምልክት ይደረጋል። ሦስተኛው ታኮ በየምልክቱ እየቆመ የተለካው የክር ክፍል ሲመታ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ይወጣል። የዘዴው ትርፍ እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቹ ትዝታን በጆሯቸው ስለሚያውቁት 48 ላይ መቆም ያለበት ታኮ 46 ላይ ከቆመ ማስመሪያውን ሳያዩ "ልክ አይደለም" ይላሉ። 30 ላይ ድምፁ ያው ሆኖ ይቀጥናል፣ ፍሪኩዌንሲው (ክሩ በሴኮንድ የሚርገበገብበት ብዛት፣ በኸርዝ የሚለካው) እጥፍ ሆኗልና። ስልክ ላይ የጊታር መቃኛ አፕ ካለ ቁጥሩን ማሳየት ይቻላል። ተንቀሳቃሹ ታኮ በቁመት ከሌሎቹ ከ1 እስከ 2 ሚ.ሜ ብቻ ይብለጥ፤ ከዚያ ካለፈ ክሩን ይገፋዋል፣ ክሩ ታኮዎቹ ላይ ከተያዘም ውጥረቱ ጨምሮ ድምፁ ከሚጠበቀው በላይ ሊቀጥን ይችላል።

ቀጥሎ ክብደት። በ1 ኪሎ ጀምሮ "ድምፁን እጥፍ ለማቅጠን ስንት ኪሎ?" ብሎ መጠየቅ ነው። ሁሉም 2 ይላል። 2 ኪሎ ሲንጠለጠል የሚወጣው ድምፅ ከትዝታው ድምፆች ከአንዱም ጋር አይገጥምም፣ ጆሮም ይቆረቁራል። መልሱ 4 ኪሎ ነው። አብዛኛው ሙከራ የሚበላሸው በጀሪካኗ ክብደት ነው፤ ባዶዋ 200 ግራም ከሆነች 1 እና 4 ሊትር ሲሞላ 1.2 እና 4.2 ኪሎ ይሆንና እጥፍ አይደርስም። ከነጀሪካኗ በሱቅ ሚዛን 1 እና 4 ኪሎ መሙላት ነው። ክሩ ታኮው ላይ እንዳይያዝ ጠርዙን ሻማ መቀባት ይጠቅማል።

ጠርሙስ ሁሌም ያስቃል። አራት አንድ ዓይነት የለስላሳ ጠርሙሶች (ፕላስቲክ አይሆንም) ውሃ ከትንሽ ወደ ብዙ ይሞላሉ። አፋቸው ላይ ሲነፋ ውሃ የበዛበት ይቀጥናል፣ የሚርገበገበው አየር አንሷልና። በማንኪያ ሲመቱ ግን ያው ጠርሙስ ይወፍራል፤ አሁን የሚርገበገበው መስታወቱና ውሃው ነው፣ ውሃው ክብደት ጨመረበት። ሳይመቱ በፊት ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ። ለአንድ ነፊ አንድ ጠርሙስ ይመደብ።

ዘፈን ላይ ቁጥብነት ይሻላል። ቅደም ተከተልን ወይም ሕግን ለማስያዝ ይረዳል፣ ምክንያትን ግን አያስረዳም። ሰንጎ መገን የሚባለው የግጥም ምት፣ በየስንኙ 5 ለ 5 ቀለም፣ ለጭብጨባ ይመቻል፦

ክሩ ሲያጥር፣ ድምፁ ቀጠነ፣
ክሩ ላላ ሲል፣ ወፍራም ድምፅ ሆነ።

ከሙከራው በኋላ እንጂ በፊት አይሁን፤ መልሱን ቀድሞ ይነግራቸዋል። በዐቢይ ጾም መዝፈን የማይፈልግ ልጅ ስለሚኖር ያኔ ልኬቱ ብቻ ይበቃል። አምስት ቡድን አንድ ላይ ክር ከመታ ማንም አይሰማም፤ አንዱ ሲመታ ሌሎቹ ስሌት ይሥሩ። ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ጣውላው ብቻውን በቂ ነው፣ ጠርሙሱ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ገና ያልተስተካከለው አፉ ላይ የሚነፋው ቀርከሃ ነው። ታቹ የተደፈነ 17 ሴ.ሜ ቀርከሃ በስሌት 500 ኸርዝ አካባቢ መስጠት አለበት፣ አፑ ግን ሁልጊዜ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። የሚርገበገበው አየር ከአፉ ትንሽ ወጣ ስለሚል ርዝመቱ ላይ የውስጥ ራዲየሱን 0.6 እጥፍ መደመር ይረዳል። የነፊው ከንፈር አፉን በከፊል ሲሸፍን የሚመጣው ልዩነት ግን ከልጅ ልጅ ይለያያል።