"አያመኝም፣ ይቆረጥመኛል"

ዛሬ አክስቴን ይዤ ክሊኒክ ዋልኩ። ጎንደር ሰሞኑን ዝናቡ አላባራ ብሏል፣ የእሷ ጉልበት ደግሞ ዝናቡን ከደመናው ቀድሞ ነው የሚያውቀው። ወረፋውን ተዉት።

ተራችን ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም ከካርዱ ቀና ሳይል "እናቴ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?" አላት።

"አያመኝም።"

ልጁ ቀና አለ። እኔ ደግሞ አፈርኩ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተሰልፈን!

"ጉልበቴን ይቆረጥመኛል እንጂ አያመኝም። ጎኔን ይወጋኛል። ማታ ማታ ደግሞ፣ የኔ ጌታ፣ እግሬን ሲጠዘጥዘኝ ነው የሚያድር።"

ሳቅ ብሎ ጻፈ። አጮልቄ ካርዱን ሳየው ሦስቱንም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጠቅልሏቸዋል። አልፈርድበትም፣ የተማረው በዚያው ነው። ግን ቁርጥማትና ውጋት እንዴት አንድ ይሆናሉ? ሆድ ይቆርጣል፣ ጥርስ ይጠዘጥዛል፣ ቁስል ያቃጥላል፤ እናቶቻችን እኮ ምርመራውን ግማሽ ድረስ ጨርሰው ነው የሚመጡት።

ደግሞ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አመመኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ እንላለን። ሁሉም ላይ የሚደረግብኝ እኔ ነኝ፣ አድራጊው ግን ስም የለውም። ማነው ያመመኝ? ማነው የራበኝ? የሆነ የማይታይ ነገር መጥቶ የያዘን ነው የሚመስለው። በባጃጅ ስንመለስ ሁሉ ይሄንኑ እያሰብኩ ነበር።

ፒያሳ ስንደርስ "አሁንስ እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"አሁንማ ራበኝ" አለች።