ሳልሰማ ራሴን የነቀነቅሁበት ቀን

በድሬዳዋ በአንድ የጤና ተቋም የሥነ ልቦና አማካሪ ሆኜ መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የፈጸምኩትን ስሕተት ለመጻፍ የተነሣሁት፣ «ንግግር ብቻውን ሰውን እንዴት ይፈውሳል?» ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች ከትርጓሜ ይልቅ ይህ ገጠመኝ የተሻለ መልስ ይሆናል ብዬ ስለማምን ነው። የባለጉዳዩን ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም ስለ ቤተሰባቸው አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ።

ባለጉዳዩ መጋላ በተባለው የድሬዳዋ ሰፈር ልብስ በመስፋት ልጆቻቸውን ያሳደጉ አባት ናቸው። ደረታቸውን እንደ ድንጋይ እየተጫናቸው፣ ሌሊቱን ሲገላበጡ እያደሩ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። የልብ ምርመራቸው ምንም ችግር እንደሌለው ሲታይ ሐኪሙ ወደ እኔ ላካቸው። እንዲህ ዓይነቱ አመጣጥ በእኛ አገር የተለመደ ነው፤ ኀዘንና ጭንቀት በብዛት በራሳቸው ስም አይመጡም፣ «ራሴን ይፈልጠኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል» ተብለው በሰውነት በኩል ይመጣሉ። ሕመሙ እውነተኛ ስለሆነ ባለጉዳዩን «ምንም የለብህም» ብሎ መሸኘት ትልቅ በደል ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስለ ያለፉት ሁለት ሳምንታት የሚጠይቁትን 9ኙን የድብርት መለያ ጥያቄዎች አነበብኩላቸው፤ ሁሉንም በትሕትና መለሱ። ዶክተር አለመሆኔን ብነግራቸውም «ዶክተር» ማለታቸውን አልተዉም፤ ኋላ ግን «ልጄ» ይሉኝ ጀመር። ቤተሰባቸውን ስጠይቅ አዲስ አበባ የምትሠራ ሴት ልጅ እንዳለቻቸው፣ ሁለት ዓመት እንዳልተነጋገሩና በእሷ በጣም እንደተናደዱ ብቻ ነግረውኝ ወደ ደረታቸው ሕመም ተመለሱ።

ስሕተቱ የተፈጸመው በሁለተኛው ቀጠሮ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር፤ በድሬዳዋ ሙቀት በዚያ ሰዓት ሰው ጥላ ይዞ ጋደም ይላል እንጂ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ ስለ ሆዱ ሊያወራ አይወጣም። ከራሳችን በላይ ያለው ቬንቲሌተር እየተንቋቋ ይዞራል። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ባርኔጣቸውን በጣቶቻቸው መካከል እያዞሩ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩ። አልሰማኋቸውም። በር ላይ ሌላ ባለጉዳይ ይጠብቀኝ ነበርና «ይድገሙልኝ» ማለት ሲገባኝ፣ እንደ ሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁና የአተነፋፈስ ልምምድ የተጻፈበትን ወረቀት ሰጠኋቸው። ትንሽ አዩኝ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱና «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጡም፤ ከዚያም በኋላ ባለው እንዲሁ። እኔም መዝገባቸው ላይ «ቀጠሮ አላከበሩም» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ሥራዬን የሚከታተሉልኝ አንጋፋ ባልደረባ መዝገቡን አንብበው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ከመውጣታቸው በፊት መጨረሻ ላይ ምን አሉ?» መልስ አልነበረኝም።

ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በሕክምናው ሁለቱ ሰዎች የሚመሠርቱትን ቃል ኪዳን በሦስት ነገሮች ገልጾታል፤ በግብ መስማማት፣ ግቡ ላይ በሚያደርሰው ተግባር መስማማት፣ እና መተማመን ያለበት ትስስር ናቸው። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። ጀረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ደግሞ ይህ ቃል ኪዳን ሲሰነጠቅ ባለጉዳዩ ወይ በግልጽ እንደሚቆጣ፣ ወይ በዝምታ እንደሚያፈገፍግ ጽፈዋል። ማፈግፈጉ ብዙ ጊዜ በመስማማት ተሸፍኖ ስለሚመጣ ለመለየት ያስቸግራል፤ ታላቅን ማክበርና ሰውን አለማስቀየም እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት በእኛ ዘንድ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። ያ ወረቀት አራት ቦታ ሲታጠፍ የተሰማኝ «እሺ» እሺ አልነበረም።

ስልክ ደውዬ እንዲመጡ ለመንኳቸው፤ ቀጠሮውንም አየሩ ቀዝቀዝ ወደሚልበት ወደ ጠዋት 2 ሰዓት አዛወርኩት። ገብተው ሲቀመጡ ቬንቲሌተሩን አጠፋሁና እንዲህ አልኳቸው፤ «ያን ቀን መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር። አልሰማሁዎትም፤ ግን የሰማሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ብዙ ዝም አሉ። ዝምታውን በጥያቄ ላለመስበር ከራሴ ጋር ታገልኩ። ከዚያ «ሆዴ ብሶኝ ነው፣ ነበር ያልኩሽ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸውን ለማጨት የተላኩት ሽማግሌዎች የሄዱት ወደ እሳቸው ሳይሆን አዲስ አበባ ወዳለው ወንድማቸው ነበር። ሠርጉ ላይ እንደ ተጋበዘ እንግዳ ተቀምጠው ተመለሱ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ስትደውል አያነሱም። ለሚስታቸውም፣ ለጓደኞቻቸውም፣ ለእኔም «ተናድጃለሁ» ሲሉ ቆይተዋል።

የካናዳው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌስሊ ግሪንበርግ ስሜትን ቀዳሚና ተከታይ ብሎ ይለያል፤ ላይ ላዩን የሚታየው ቁጣ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ያለውን ኀዘን ወይም ኀፍረት የሚከልል ተከታይ ስሜት ነው። አማርኛችን ግን ለዚህ ከጥንት ጀምሮ ቃል አለው። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው ቢሰድብዎት ይናደዳሉ እንጂ ሆድ አይብስዎትም፤ ሆድ የሚብሰው ከሚወዱት፣ ይገባኛል ብለው ከጠበቁት ሰው ነው። ስለዚህ አባት «ተናድጃለሁ» ሲሉ ልጃቸውን ይከሱ ነበር፤ «ሆዴ ብሶኛል» ሲሉ ግን እንደሚወዷት መናገራቸው ነው። ማቲው ሊበርማን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአንጎል ምስል ጥናት፣ ሰዎች የሚያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ እንደ ፍርሃት ባሉ ስሜቶች ጊዜ የሚነቃው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እኔ በዚያ ጠዋት ያየሁት ወደ ጆሮ ተጠግቶ የነበረ ትከሻ ቀስ እያለ ሲወርድ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ቀላል አልነበሩም። ልጅቱ በባዶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች አድርገው እንዲያነጋግሯት ስጠይቃቸው «ይሄስ የእብድ ሥራ ነው» ብለው እምቢ አሉ። እምቢታቸው ደስ አሰኘኝ፤ በትሕትና «እሺ» ብለው ወረቀት ካጠፉት ሰው የተሰማ የመጀመሪያ «አይሆንም» ነበርና። ሊሏት የሚፈልጉትን ለእኔው ይነግሩኝ ጀመር። መጀመሪያ የወጣው «ለምን ናቅሽኝ?» የሚል ነበር። ይህን የምትሰማ ልጅ ምን እንደምትመልስ ስጠይቃቸው «ራሷን ትከላከላለቻ» አሉና ሌላ አባባል ፈለጉ።

በስድስተኛው ቀጠሮ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው እንዲህ አሉ፤ «ከዚያ ነገር በፊት ለበዓል መጥታ ሱቁ በር ላይ ቆማ ስታናግረኝ ትዝ ይለኛል። የበዓል ልብስ የሚጠብቅ ሰው ነበረብኝ፣ የስፌት መኪናው ይንጫጫል። አፏ ሲንቀሳቀስ ነው የማየው። ራሴን ነቀነቅሁላት መሰለኝ። እንዳንቺ።»

ልጄ ይቅርታ ትጠይቀኝ ብለው የመጡ ሰው ነበሩ። አሁን በደሉን ማን እንደጀመረው እርግጠኛ አልነበሩም፤ እኔም አልነበርኩም፣ ልወስንላቸውም አልሞከርኩም። ይደውሉ ወይም አይደውሉ ብዬ የሰጠሁት ምክርም የለም። ቸኩዬ መክሬያቸው ቢሆን ኖሮ ያ የሱቅ በር ትዝታ ይመጣ ነበር ብዬ አላስብም፤ የመጣው አንድ ሰው ሳይሰማቸው ቀርቶ ይህንኑ ፊት ለፊት ስለነገራቸው ይመስለኛል።

በሌላ ሳምንት መጥተው እሑድ ዕለት ሱቃቸውን ዘግተው እንደደወሉ ነገሩኝ። «ሆዴ ብሶኝ ነው የጠፋሁብሽ» አሏት። ዝም አለች። ከዚያ «አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ አጎቴ ቤት ቢመጡ ምን ይመስልሃል ብዬ ጠይቄህ እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለች። «መኪናው እየሠራ ነበር፣ አልሰማሁሽም። አሁን እንደገና ንገሪኝ» አሏት።

ደረታቸውን አሁንም አንዳንድ ሌሊት ይጫናቸዋል፤ ወንድማቸውንም ገና አላናገሩም። በዚያ እሑድ ግን የስልካቸው ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጧት፤ ሲያልቅ መልሳ እሷ ደወለች።