በእማዬ ዘነዘና ልክ

ሰኔ ገብቷል፤ ጅማ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ዝናብ ነው። ሄርማታ ገበያ አጠገብ ካለው የሞባይል ጥገና ሱቅ በስብሼ ገባሁና ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ሦስት ሳምንት የታገልኩት ሙዚቃ ዛሬም እምቢ አለኝ። ድራም ኤንድ ቤዝ ነው፤ ከበሮው የሚሮጥ፣ ባሱ የሚከብድ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፤ በደቂቃ 174 ምት። የሂፕ ሆፕ ግጥም ላስገባበት እፈልጋለሁ፤ ግጥሙ ግን ከበሮው ላይ ለመድረስ እያለከለከ ይቀራል።

እንዲህ ሲጠፋብኝ የምመለሰው ወደ ድራም ኤንድ ቤዝ አቀናባሪው ሮኒ ሳይዝ ነው። የእንግሊዟ ከተማ የብሪስቶል ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ከጃማይካ የሄዱ። ማቀናበር የተማረው በወጣቶች ማዕከል ውስጥ ነው። ሬፕረዘንት ከተባለው ቡድኑ ጋር ያወጣው የመጀመሪያ አልበም በ1997 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪ የተባለውን የብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወሰደ፤ ያውም ታዋቂው የሮክ ቡድን ሬዲዮሄድ በእጩነት በቀረበበት ዓመት። እኔን የሚገርመኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። ድራም ኤንድ ቤዝ የማሽን ሙዚቃ ነው በሚባልበት ጊዜ እሱ ክላይቭ ዲመርን ከበሮ ላይ አስቀመጠ፤ ሳይ ጆንን ትልቁን የቁም ባስ አስያዘ። ለአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ደግሞ የፊላደልፊያዋን ራፐር ባሃማዲያን ጋበዘ። ከበሮው ይጋልባል፤ እሷ ትራመዳለች። በ2000 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው አልበም ሲወጣ አሜሪካዊው ራፐር ሜተድ ማን ነበረበት። ሰው መሰብሰብ የሚያውቅ አቀናባሪ ነው።

ሒሳቡን አውቀዋለሁ። የ174 ግማሽ 87 ነው፤ 87 ደግሞ የሂፕ ሆፕ እርምጃ ነው። ሁለቱም ከአንድ ጡት ጠብተዋል፦ ግሪጎሪ ኮልማን በ1969 እ.ኤ.አ. ዊንስተንስ ለተባለው የአሜሪካ ቡድን የመታት የጥቂት ሰከንድ ከበሮ። አሜሪካ ውስጥ ራፐሮች ቆርጠው አዘገሟት፤ ለንደን ውስጥ ቆርጠው አስሮጧት። ኮልማን በ2006 እ.ኤ.አ. ሲሞት ያቺ ከበሮ ከገባችበት ዘፈን ሁሉ ድርሻው አልደረሰውም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ይከብደኛል።

ሒሳቡን ማወቅ ግን ጆሮን አይሞላም። ዝናቡ ሲያባራ እማዬ ቡናውን ቆልታ ጨርሳ ሙቀጫውን ወደ በሩ አስጠጋች። የእኔ ሙዚቃ ክፍት ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ከበሮ ማን እያባረረው ነው?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እንዲህ ነው የሚመታው።»

«እሺ፣ ይሩጥ» አለችና መውቀጥ ጀመረች። ዱም… ዱም… ዱም። ልትከተለው አልሞከረችም። ከበሮው ሁለት ጊዜ ሲመታ ዘነዘናዋ አንድ ጊዜ ይወርዳል፤ እንደገና ሲመጣ እሷም እዚያው ትጠብቀዋለች። ቀስ እያለች ወደ ኋላ ቀረች እንጂ አልተደናገረችም። ሦስት ሳምንት የፈለግኩት እርምጃ ይኸው ነበር፤ ባሱ የሚቆምበት፣ ግጥሙ የሚተነፍስበት ቦታ።

ተነሥቼ ስልኬን በጨርቅ ጠቅልዬ ከሙቀጫው አጠገብ አስቀመጥኩ። ቆርቆሮው አሁንም ይንጠባጠባል፤ ድምፁ ውስጥ ገብቷል፤ ተውኩት። ሙላቱ አስታጥቄ በተወለደባት ከተማ የቡና ውቀጣ ከዘፈን ቢገባ ማን ይቆጣል? ማታ ውቀጣውን ቆጠርኩት፦ በደቂቃ 83። እማዬን ወደ 87 ማፋጠን ለኮምፒውተሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሞከርኩት። ዘነዘናው ቀለለ፤ ክብደቱ ጠፋ፤ የሌላ ሰው እጅ መሰለ። መለስኩት።

ከዚያ የዘፈኑን ፍጥነት በሙሉ ዝቅ አደረግኩት። አሁን 166 ነው፤ የእማዬ 83 እጥፍ። የተጫዋቾች ስም በሚሰፍርበት ቦታ ላይ «ዘነዘና» ብዬ የእማዬን ሙሉ ስም ከነአባቷ ጻፍኩ። ነገ ግጥሙን እጀምራለሁ።